ጣባውን ማን ሠራው?

እናቴ ሸክላ ስትመረምር እንደ ሐኪም ናት። ከኪዮቶ ያመጣሁላትን ጣባ ከተጠቀለለበት ወረቀት ፈትታ አወጣችና በመጀመሪያ ከንፈሩን በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ ድምፁን አዳመጠች። ቀጥላ ወደ መስኮቱ አስጠግታ ውስጡን አየች። በመጨረሻ ገልብጣ ቂጡን ዳሰሰች። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብላ ያየችኝ።

«ይኼ እኮ ተሰብሮ የተጠገነ ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ እማዬ።»

«እያወቅህ ነው የገዛኸው?»

«እያወቅሁ ነው።»

«በእኛ ጊዜ ከጃፓን የሚመጣ ዕቃ ደህና ነበር» አለች ጣባውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «አቡጀዲውም፣ ሲኒውም።»

ላስረዳት ሞከርኩ። ጃፓኖች የሚወዱት ሸክላ ሲሰበር እንደማይጥሉት፣ ስባሪውን ኡሩሺ ከሚባል ዛፍ በሚቀዳ ፈሳሽ አጣብቀው መጋጠሚያውን በወርቅ ዱቄት እንደሚያስጌጡት፣ ሙያውም «ኪንትሱጊ» እንደሚባል ነገርኳት። ፈሳሹ የሚጠነክረው እርጥበት ባለው አየር ውስጥ በመሆኑ አንዱን ጣባ ለመጠገን ሳምንታት እንደሚፈጅም አከልኩላት። ስብራቱ የሚታየው ሊደበቅ ስላልቻለ ሳይሆን እንዲታይ ስለተፈለገ ነው አልኳት። እናቴ በትዕግሥት ሰማችኝ። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መልካም። ማን ሠራው?»

አላውቅም። የሸጡልኝ አዛውንትም አያውቁም። እውነቱን ለመናገር፣ አለማወቄ ከጣባው ውበቶች አንዱ ሆኖ ነበር የታየኝ። ይህን ግን ለእናቴ በምን ቋንቋ እንደምነግራት ጠፋኝ። ጃፓንን ያሳዩኝ መጻሕፍት ለዚህ ጥያቄ አላዘጋጁኝም። እነሆ ወደ መጻሕፍቱ ተመልሼ፣ ይህችን ጥያቄ በእጄ ይዤ፣ እንደገና አነበብኳቸው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንባብ ውጤት ነው። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

* * *

ጣባውን የገዛሁት ኪዮቶ ውስጥ ቶጂ በሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግቢ ነው። የከተማው ሰዎች ገበያውን «ኮቦ ሳን» ይሉታል። ኮቦ ዳይሺ የተባሉት ታላቅ መነኩሴ ያረፉት በ835 በሦስተኛው ወር በ21ኛው ቀን ነው። ስለዚህ እኛ በየወሩ በ21 ማርያምን እንደምናስብ ሁሉ እነሱም ወር በገባ በ21 እሳቸውን ያስባሉ፤ ከጸሎቱ ጎን ለጎንም ገበያ ይቆማል። በ25 ደግሞ ኪታኖ ቴንማንጉ በሚባለው ሌላ መቅደስ ተመሳሳይ ገበያ አለ። አሮጌ ዕቃ የሚወድ መንገደኛ የኪዮቶ ቆይታውን እነዚህን ሁለት ቀናት እንዲያካትት አድርጎ ቢያቅድ አይጸጸትም።

ገበያው ሲታይ የሺህ ቤት ጓዳ በአንድ ጊዜ የተገለበጠ ይመስላል። የብረት ማንቆርቆሪያ፣ የሐር ኪሞኖ፣ የሰይፍ እጀታ መከለያ፣ የእንጨት ማተሚያ ሥዕል፣ ከላከር የተሠራ የሾርባ ሳህን፣ እግር የጎደለው አሻንጉሊት፣ ሁሉም መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ ላይ ይደረደራል። ምሳሌውም ከእውነታው ብዙ አይርቅም። በ2023 የተካሄደ የመንግሥት ቆጠራ ጃፓን ውስጥ 9 ሚሊዮን የሚያህሉ ቤቶች ሰው የማይኖርባቸው መሆናቸውን አሳይቷል። ሽማግሌዎቹ ሲያርፉ፣ ልጆቹም ከተማ ሲቀሩ፣ ጓዳው ወደ ገበያ ይወጣል።

ከዚያ ሁሉ ኮተት መሐል ዓይኔ ኔትሱኬ ላይ አረፈ። ኔትሱኬ ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ከእንጨት ወይም ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ ነገር ነው። ኪሞኖ ኪስ ስለሌለው የጥንቱ ሰው ከረጢቱን በገመድ አስሮ ከመታጠቂያው ላይ ያንጠለጥለው ነበር፤ ኔትሱኬው ገመዱ እንዳያመልጥ የሚይዝ መቆለፊያ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ባለኪስ ሱሪ ሲመጣ ሥራ ፈታ። ለባለቤቱ የማይጠቅም በሆነበት ወቅት ለፈረንጅ ሰብሳቢ ውድ ሆነ። ይህን ነገር አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ሁሉ መሐል ሰው የሚመርጠው በምን ዓይን ነው? እኔ ዓይኔን የተበደርኩት ከሦስት መጻሕፍት ነው። ወደ ጃፓን የሚሄድ የኪነ ጥበብ ወዳጅ ቦርሳው ውስጥ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱን ይዞ ይገኛል።

* * *

የመጀመሪያው የኦካኩራ ካኩዞ «የሻይ መጽሐፍ» ነው። በ1906 ኒውዮርክ ላይ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ታተመ። በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ትንሽ መጽሐፍ ነው። የሻይ ቤቱን ዝቅተኛ በር ያሳየናል፤ መኳንንቱም ባለሰይፉም ጎንበስ ብሎ፣ ሰይፉን ውጭ ትቶ የሚገባበትን። ያልተሟላ ነገር ከተሟላው ይልቅ ለተመልካች ቦታ እንደሚተው ያስተምረናል። ምዕራባውያን ጃፓን በሰላም ጥበቧ ስትኖር አረመኔ ብለዋት፣ ማንቹሪያ ውስጥ ሰው ስትጨርስ ሥልጡን አሏት ብሎ የሚሸረድደውም ሽርደዳ ዛሬም አልደበዘዘም። የምወደው መጽሐፍ ነው፤ ስነቅፈውም ይህን ሳልዘነጋ ነው።

ነገር ግን ጸሐፊው ይህን ሲጽፍ የት ነበር? ከ1904 ጀምሮ ቦስተን፣ በሥነ ጥበብ ሙዚየሙ የእስያ ስብስብ ላይ ይሠራ ነበር። ያ ስብስብ እንዴት ባሕር እንደተሻገረ ለመረዳት ወደ 1868 መመለስ ያስፈልጋል።

1868 ለእኛም የማይረሳ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ አምባ ብራናውንና ንዋየ ቅድሳቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወረደ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ አዲሱ የሜጂ መንግሥት የሺንቶን ሃይማኖት ከቡድሃ እምነት የሚለይ አዋጅ አወጣ። አዋጁ መለየት እንጂ ማፍረስ አላለም። ሕዝቡና ሹማምንቱ ግን ከአዋጁ አልፈው ሄዱ፤ ሐውልት ተቃጠለ፣ መጽሐፍ ተቀደደ፣ መነኩሴ ተበተነ። ናራ የሚገኘው የኮፉኩጂ ባለአምስት ደርብ ግንብ ሳይቀር በርካሽ ዋጋ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር ይባላል። ከእኛ በጠመንጃ የተወሰደው ከእነሱ በደረሰኝ ሄደ።

አሜሪካዊው ኧርነስት ፌኖሎሳ በ1878 ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ሲመጣ ያገኘው ይህን ገበያ ነው። ኦካኩራ ተማሪው ነበር። መምህርና ተማሪ ቤተ መቅደሶቹን እየዞሩ መዘገቡ። በ1884 በሆርዩጂ የሕልም አዳራሽ ውስጥ ለረጅም ዘመን ተሸፍኖ የኖረውን የካኖን ምስል አስከፈቱ። ፌኖሎሳ እንደጻፈው መነኮሳቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ይመጣብናል ብለው ሸሹ፤ ምስሉም በብዙ ክንድ ጨርቅ ተጠምጥሞ ተገኘ። ይህ ሰው የጃፓንን ቅርስ ለጃፓኖች በማስታወስ ትልቅ ባለውለታ ነው። ይኸው ሰው በ1886 የራሱን ስብስብ ለአንድ የቦስተን ሐኪም ሸጠ፤ የሳንጆ ቤተ መንግሥት ሲቃጠል የሚያሳየው ዝነኛ ጥቅል ሥዕልም ዛሬ የሚታየው ቦስተን ነው።

ኦካኩራ ሰብሳቢዎችን ይገሥጻል። የዘመንና የትምህርት ቤት ናሙና ከመልቀም አንድ ታላቅ ሥራ ፊት ቆሞ ልብን መክፈት ይበልጣል ይላቸዋል። ግሩም ተግሣጽ ነው። ዕቃው ከማን እጅ፣ በምን ዋጋ፣ በምን ችግር ቀን እንደወጣ ግን አንድም ምዕራፍ የለውም። መጽሐፉ የሚዘጋው የሻይ መምህሩ ሪክዩ ከገዥው ከሂዴዮሺ ራስህን አጥፋ የሚል ትእዛዝ ደርሶት፣ የመጨረሻውን ሻይ ካቀረበ በኋላ የጠጣበትን ጣባ ሲሰብር በማሳየት ነው። ጣባው ሲሰበር ልባችን ይነካል። የጣባውን ሠሪ ግን አናስበውም።

ሁለተኛው የታኒዛኪ ጁንኢቺሮ «ጥላን ማወደስ» ነው፤ በ1933 መጽሔት ላይ መውጣት ጀመረ። ታኒዛኪ የኤሌክትሪክ መብራትን ይከስሳል። ወርቅ የተረጨበት የላከር ሳህን የተሠራው በሻማ ብርሃን ጨለማ ውስጥ እየደበዘዘ እንዲታይ ነው፤ በአምፖል ሥር ሲያዩት ግን ያብለጨልጫል፣ ያስጠላል ይላል። እውነት ነው፤ ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ሣጥን፣ በነጭ መብራት የታየ ላከር ግማሹ የለም። ሰብሳቢ ወዳጆቼ ከዚህ መጽሐፍ ሌላ ምንም ባያነቡ ይበቃቸዋል።

ታኒዛኪ ግን ሞኝ አልነበረም። ባለቤቱ እንደተናገሩት፣ አንድ ቤት ሠሪ ባለሙያ መጽሐፉን አንብቤያለሁ፣ ምን ዓይነት ቤት እንደሚፈልጉ በሚገባ አውቃለሁ ሲለው፣ እኔ እንዲያ ዓይነት ቤት ውስጥ መኖር አልችልም ብሎ መለሰለት። ይህችን ታሪክ እወዳታለሁ። ጥላው ለሚያነበው ደስ ይላል፤ ጥላው ውስጥ የሚኖረው ሰው ግን መብራት ይፈልጋል። መንገደኛ ሁሉ ይህን ልብ ቢል ጥሩ ነበር።

* * *

ሦስተኛው መጽሐፍ ነው ከእናቴ ጥያቄ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጨው፤ ርእሱ ራሱ «ያልታወቀው ዕደ ጥበበኛ» ነውና። ጸሐፊው ያናጊ ሶኤትሱ ከ1889 እስከ 1961 የኖረ አሳቢ ነው። የሕዝብ ዕደ ጥበብ የሚል ትርጉም ያለውን «ሚንጌይ» የሚል ቃል ከሸክላ ሠሪዎቹ ከሃማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋር በ1925 የፈጠረ፣ በ1936 ቶኪዮ ውስጥ የሕዝብ ዕደ ጥበብ ሙዚየምን ያቋቋመ እሱ ነው። መጽሐፉን ከጽሑፎቹ መርጦ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀው የእንግሊዙ ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች ሲሆን፣ የታተመው ያናጊ ካረፈ በኋላ በ1972 ነው።

የያናጊ ሐሳብ አጭር ነው። ከሁሉም የሚያምረው ዕቃ፣ አንድ ተራ ሰው ብዙ አድርጎ፣ ፈጥኖ፣ በርካሽ፣ ለዕለት አገልግሎት፣ ስሜ ይጠራልኝ ሳይል የሠራው ነው። ሺህ ጊዜ ከተደገመ በኋላ እጅ ራሱ ያስባል፤ «እኔ» የሚለው ነገር ከመንገዱ ገለል ይላል። ይህን ስናነብ ልባችን እሺ ይላል። ምጣድ ላይ እንጀራ ስታዞር ያደገችን ሴት እጅ ያየ ሰው ያናጊ የሚለውን ለማመን ምስክር አያሻውም።

ለዚህ ሐሳብ ዋና ማስረጃው አንድ ጣባ ነው። «ኪዛኤሞን ኢዶ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በአንድ ወቅት ባለቤቱ ከነበረ የኦሳካ ነጋዴ ነው። የሻይ መምህራን ከጣባ ሁሉ በላይ ያደርጉታል። የያዘውን ሰው እባጭ ያወጣበታል የሚል አፈ ታሪክ አለው፤ ማትሱዳይራ ፉማይ የተባለው መስፍን ከገዛው በኋላ ታመመ፤ እሱ ካለፈም በኋላ ቤተሰቡ ኪዮቶ ዳይቶኩጂ ውስጥ ላለው ለኮሆአን መቅደስ ሰጠው። ያናጊ በ1931 ሄዶ አየው። ሣጥን ከሣጥን ውስጥ እየወጣ፣ ጨርቅ ከጨርቅ እየተፈታ በመጨረሻ ፊቱ የተቀመጠው ምን ይመስላችኋል? ተራ ጣባ። ከዚህ ይበልጥ ተራ ሊሆን የማይችል። ያናጊም ታላቅነቱ ይኸው ነው አለ። በ1951 ጣባው ብሔራዊ ሀብት ተብሎ ተመዘገበ።

አሁን የእናቴን ጥያቄ እናንሣ። ይህን ጣባ ማን ሠራው?

ጃፓናዊ አይደለም። የጃፓን ሻይ ሥርዓት ዘውድ የሆነው ጣባ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ኮርያ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ያናጊ እንደሚለው የድሃ ሰው የዕለት መብያ። የተሠራበት ምዕተ ዓመት ደግሞ በምን እንደተደመደመ እናውቃለን። በ1591 ሪክዩን ራስህን አጥፋ ያለው ሂዴዮሺ በማግስቱ ዓመት፣ በ1592፣ ኮርያን ወረረ። እስከ 1598 በቆየው ጦርነት የጃፓን መሳፍንት ሸክላ ሠሪዎችን ከነቤተሰባቸው እየማረኩ ወሰዱ። ጃፓኖች ራሳቸው ያንን ጦርነት የሸክላ ጦርነት የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የሳትሱማ፣ የሃጊና የአሪታ ምድጃዎች እሳታቸውን ያገኙት ከእነዚያ ኮርያውያን ነው። ስማቸው ከቀረልን ጥቂቶች አንዱ ዪ ሳምፕዮንግ ነው፤ አሪታ ውስጥ የፖርሴሊን አባት ተብሎ በመቅደስ ይከበራል። የቀሩት ብዙዎቹ ያናጊ እንደሚለው «ያልታወቁ» ናቸው። ያልታወቁት ግን ስማቸውን ስለናቁ አይደለም። ማንም ስላልጠየቃቸው ነው።

ፍርድ እንዳላጓድል። ያናጊ የጦረኞች ወገን አልነበረም። ኮርያ ከ1910 ጀምሮ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች፣ በ1919 የነፃነት ጥያቄ በደም ሲታፈን፣ ለኮርያውያን በመቆርቆር በጋዜጣ ከጻፉት ጥቂት ጃፓናውያን አንዱ እሱ ነው። በ1922 የሴኡልን ቤተ መንግሥት ታላቅ በር ሊያፈርሱ ሲሉ በጽሑፍ ጮኸ፤ በሩ ከመፍረስ ተርፎ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲዛወር ያ ጽሑፍ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ይነገራል። በ1924 ሴኡል ውስጥ የኮርያ ሕዝብ ዕደ ጥበብ ሙዚየም ከፈተ። በዚያ ዘመን ይህን ማድረግ ወኔ ይጠይቅ ነበር።

ቢሆንም የኮርያን ጥበብ «የኀዘን ውበት» ብሎ ሰየመው። የኮርያ ሐያስያን በኋላ ይህን ቃል ተቃወሙት፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ሐዘኑን ያመጣው ማን ነውና ነው ውበት የሚባለው? የንድፈ ሐሳቡ ስንጥቅ ያለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በያናጊ ዓለም ለውበት ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ የሚሠራውን የማያውቅ ሠሪ እና ያየውን የሚያውቅ ተመልካች። ሠሪው በየዋህነቱ ይመሰገናል፤ ተመልካቹ በዓይኑ ይከበራል። ዋጋ የሚተመነውም፣ ስም የሚወጣውም በሁለተኛው በኩል ነው። ጣባው እንኳ የሚጠራው በሠሪው ሳይሆን በባለቤቱ በኪዛኤሞን ስም ነው።

* * *

ሰብሳቢዎች ይህን ሥራ ወደ ገበያ ሕግ ለውጠውታል። ቶጂ ገበያ ላይ አንድ ልምድ ያለው ሰብሳቢ ጣባ ሲያነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሣጥኑን ነው። ሸክላ ሠሪው በእጁ የጻፈበትና ያተመበት የእንጨት ሣጥን ካለ ዋጋው ይንራል፤ ሣጥኑ ከጠፋ ያው ጣባ ይረክሳል። የያናጊ ወዳጅ ሃማዳ ሾጂ ጣባዎቹ ላይ ስሙን መጻፍ ተወ፤ ስም የለሽ ለመሆን ፈለገ። ሣጥኖቹ ላይ ግን ይፈርም ነበር፤ ገዢዎች ይፈልጉታላ። ስም የለሽነት በስም ፊርማ ሲሸጥ ማየት የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

ከዚህ የባሰውን ያየሁት ግን በጨርቅ ነው። የጃፓን ዋና ደሴት ሰሜን ጫፍ፣ አኦሞሪ አካባቢ፣ ብርዱ ጥጥ አያበቅልም። የጥንት ገበሬዎች የሚለብሱት ከቃጫ የተሸመነ ጨርቅ ነበር። ከደቡብ በመርከብ የሚመጣ አሮጌ የጥጥ ቁራጭ ሲያገኙ በላዩ ላይ ይለጥፉታል፤ ሲቀደድ በሌላ ቁራጭ ይደርቱታል፤ ልብሱ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ድሪቶው ይወፍራል። «ቦሮ» ይባላል፤ ቡትቶ እንደማለት ነው። ኑሮ ሲሻሻል ባለቤቶቹ አፈሩበት፤ ሸሸጉት፣ ጣሉት። ዛሬ ቦሮ በፍሬም ተወጥሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በውጭ ምንዛሪም ይሸጣል። ድሪቶው በእርግጥ ያምራል፤ አላማረኝም ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን ያንን ስፌት የሰፋችው ሴት ውበት ፈልጋ አልነበረም፤ ልጇ እንዳይበርደው ነበር። ኔትሱኬው ላይ የደረሰው እዚህም ደረሰ። ዕቃው ለባለቤቱ በሚያሳፍርበት ሰዓት ይሸጣል፤ ለሌላው በሚያኮራበት ሰዓት ይወደዳል። በሁለቱ ሰዓታት መካከል ያለው ትርፍ የነጋዴው ነው።

ታዲያ ጃፓን ከዚህ ምን ተማረች? መልሱ ከሦስቱ መጻሕፍት ይልቅ በሕጎቿ ውስጥ ይገኛል። በ1897 የአሮጌ መቅደሶችን ቅርስ የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። በ1932 የቦስተን ሙዚየም ሚኒስትር ኪቢ ወደ ቻይና ያደረገውን ጉዞ የሚተርከውን ጥንታዊ ጥቅል ሥዕል ሲገዛ አገሩ ተቆጣ፤ በ1933 ታላላቅ ሥራዎች ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ ተደነገገ። ጥር 1949 በሆርዩጂ ዋና አዳራሽ እሳት ተነሥቶ ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎቹን አበላሸ። በዓመቱ፣ በ1950፣ ትልቁ ሕግ ወጣ። አዲስ ያደረገው ነገር ዕቃን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሚሠራውን ሙያም ቅርስ ማለቱ ነው። ከ1955 ጀምሮ ሙያውን የያዙ ሰዎች ይመዘገባሉ፤ ሕዝቡ «ሕያው ብሔራዊ ሀብት» ይላቸዋል። ለሙያው መቀጠል እንዲያውሉት በዓመት 2 ሚሊዮን የን ይሰጣቸዋል። ሃማዳ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። ካዋይ ካንጂሮ ደግሞ ክብሩን አልቀበልም አለ። ሁለቱንም አከብራቸዋለሁ።

ከሕጉ በፊትም አሳቡ በአገሩ ነበረ። ኢሴ የሚገኘው ታላቁ የሺንቶ መቅደስ ከ690 ጀምሮ፣ በጦርነት ዘመናት እየተቋረጠም ቢሆን፣ በየ20 ዓመቱ ከመሠረቱ እንደ አዲስ ይሠራል። 62ኛው የተፈጸመው በ2013 ነው፤ ቀጣዩ በ2033 ይጠበቃል። እንጨቱ አዲስ ነው፤ አሮጌው የአናጢው እጅ ነው። አሮጌ እንጨት ለሚያሳድድ ሰብሳቢ ይህ ስድብ ይመስላል። ለእኔ ግን ከጃፓን ያመጣሁት ትልቁ ዕቃ ይህ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ የዚያ ትውልድ ጥያቄ አሮጌ አገር እንዴት ዘመናዊ ትሆናለች የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥታችንም ከጃፓን ተቀድቷል። ፋብሪካውንና ሕገ መንግሥቱን አዩ። የ1950ው ሕግ ገና አልተወለደም ነበር። እኛ ዛሬ የምናየው እሱን መሆን አለበት።

ለተጓዥ የምመክረውም ከዚሁ ይመነጫል። ቶጂ ገበያ ይሂድ፤ ግን በዚያ አይብቃው። ኪዩሹ ደሴት ላይ ኦንታ የምትባል የተራራ መንደር አለች። ጥቂት ቤተሰቦች ሸክላ ይሠራሉ። አፈሩን የሚወቅጠው በወንዝ ውኃ ኃይል የሚነሣና የሚወድቅ ትልቅ የእንጨት መዶሻ ነው፤ ድምፁ ቀንና ሌሊት ይሰማል። ማንም ሸክላው ላይ የግል ስሙን አያትምም፤ መንደሩ ተስማምቶ የመረጠው ነው። እዚያ ስም የለሽነት ምርጫ ነው። ሄጄ አንድ ትንሽ ሳህን ገዛሁ። የሠራው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከፈለግህ ስሙን ይነግርሃል። በኦንታውና በኪዛኤሞኑ ስም የለሽነት መካከል ያለውን ልዩነት መጻሕፍቱ አይነግሩንም።

* * *

እናቴን በጥያቄዋ ላፋጥጣት አሰብኩ። አንድ ቀን ቡና ስታፈላ፣

«ይህን ጀበና ማን ሠራው?» አልኳት።

«ሸክላ ሠሪዋ ነቻ!»

«ስሟ ማነው?»

ዝም አለች። ሃያ ዓመት ከአንድ ሴት እንደገዛች፣ የሴትየዋን ልጅ ሳይቀር እንደምታውቅ ነገረችኝ። ስሟን ግን አልጠየቀቻትም። ለምን እንዳልጠየቀች ሁለታችንም እናውቀዋለን። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ስም አልነበረውም፤ ቅጽል ነበረው፤ ቅጽሉንም እዚህ መድገም አያስፈልግም። ጀበናውን ወደድን፣ ሠሪዋን ተጠየፍን። ያናጊ ቢመጣ ይህችን ሴት «ያልታወቀች ዕደ ጥበበኛ» ብሎ ባሞገሳት ነበር። አልታወቀችም፤ ያልታወቀችው ግን በእኛ ጥፋት ነው።

«ያ በጅማት የተሰፋው ገበቴያችንን ታስታውሰዋለህ?» አለችኝ እናቴ ቆይታ። «ለልዋጭ ሰጠሁት። ፕላስቲክ ሳፋ ሰጠኝ። እንግዳ ሲመጣ የተሰፋ ዕቃ ማቅረብ ያሳፍረኝ ነበር።»

ስለ ወርቁ ጥገና ያን ሁሉ ስተርክላት ይህን እያሰበች ነበር ማለት ነው።

በሳምንቱ ወደ ቀጨኔ ወጣሁ። አንዲት እናት ደጃቸው ላይ ጀበና ደርድረው አገኘሁና አንድ ገዛሁ። ከዚያ ስማቸውን ጠየቅኋቸው። በጥርጣሬ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ምን ሊያደርግልህ ነው? ለግብር ነው?»

«አይደለም እናቴ። ቤት ስገባ ማን ሠራው ተብዬ እጠየቃለሁ፤ ለዚያ ነው።»

ሳቁና ነገሩኝ። ጀበናውን ለእናቴ ስሰጣት እንደ ልማዷ በጥፍሯ መታ መታ አደረገች፤ ገልብጣ አየች። ከመጠየቋ በፊት ስሙን ነገርኳት። ደግማ ጠራችውና ጀበናውን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችው። የኪዮቶው ጣባ መደርደሪያ ላይ ነው፤ አሁን ስኳር ታደርግበታለች። ማን እንደሠራው እስከ ዛሬ አላወቅንም።